ዳማው የሚቆምበት በር

የአባቴ ዳማ ፈረስ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ባለው መንገድ በየሰው በር ይቆም ነበር። ማንም አላስተማረውም። አባቴ ሰላምታ ሳይሰጥ ያለፈው በር ስለሌለ፣ መንገድ ማለት እየቆሙ መሄድ ነው ብሎ የያዘ ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ኋላ ተፈናጥጬ ትምህርት ቤት ስሄድ በዚህ ፈረስ ሰበብ ያረፈድኩትን ቤት ይቁጠረው።

የሱሉልታ ገጠር ሰላምታ አጭር አይደለም። «አካም ቡልቴ» ተብሎ ይጀመራል፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ የወለደችው ላም፣ ዝናቡ፣ የታመመው አማች ሁሉ ይጠየቃል። ጠያቂና ተጠያቂ ደግሞ ተራ አይጠባበቁም። ሁለቱም አብረው ይጠይቃሉ፣ አብረው ይመልሳሉ፣ የአንዱ ድምፅ ሌላውን ይውጠዋል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የተጣሉ ይመስለዋል። ዳማው ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አንድ እግሩን አሳርፎ ይጠብቃል። ሲያልቅ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በመሃል ብትኮረኩመው አይሰማህም፤ ባለጌ ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

እናቴ ከሞተች በኋላ ወንድሜ ቡራዩ፣ እህቴ ሰበታ ገቡ። እኔ ቀረሁ። ከተማው ውስጥ አስተምር ነበር፤ አላገባሁም። ለምን ሲሉኝ ፈረሱን ማን ያበላዋል እላለሁ፣ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። ጠዋት ጋጡን ጠርጌ ድርቆሽ እሰጠዋለሁ፣ ጀርባውን በጆንያ አሻሸዋለሁ፣ ኮቴው ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ካለ አወጣለታለሁ። አባቴ ላሞቹን አልቦ ወተቱን በጀሪካን ከኮርቻው ጋር ያስርና አስፋልት ዳር ለሚጠብቀው መኪና ያደርሳል፤ ሲመለስ ወንዝ ወርዶ ፈረሱን ያጠጣል። ማታ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን። ብዙ አናወራም ነበር፤ ወሬውን መንገድ ላይ ጨርሶት ነው የሚመጣው።

ከቤታችን ስንወጣ የመጀመሪያው በር የአባቴ የልጅነት ጓደኛ በር ነው። ዳማው ከሁሉ አስረዝሞ የሚቆመው እዚያ ነበር። ሁለቱ አብረው ሣር ያጨዱ፣ ለሰርግም ለልቅሶም ጎን ለጎን የጋለቡ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌው ጓደኛው ገና የኮቴ ድምፅ ሲሰሙ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ይወጡና ሁለቱም በአንድ አፍ ይጀምራሉ። እኔ ፀሐዩን እያየሁ እቃጠላለሁ።

አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ ሲመጣ ሰው ሁሉ ስለ መሬቱ ብቻ ማሰብ ጀመረ። ከታች ያለው ማሳችን ለፋብሪካ ይፈለጋል ተባለ። የሰፈሩ ሰው ማንም ካሳ ተቀብሎ እንዳይፈርም ተነጋግሮ ነበር። አባቴ ፈረመ። መውሰዳቸው ካልቀረ፣ የላዩ ግጦሽ ይትረፍልኝ፣ ፈረሴ የሚግጥበት አይጣ ብሎ ነው። መጀመሪያ ለፈረስ ሣር ሲል ወገኑን ጣለ እያሉ ሳቁበት። ቆይቶ ሳቁም ቀረ።

በዚያው ሰሞን ወጣቱ ሰልፍ ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ወታደር መጣ። የአባቴ ጓደኛ ልጅ ከቤቱ ተወሰደ። ጠቋሚው ማን ነው ሲባል፣ የፈረመው ሰው ነው የሚል ወሬ ተነሳ። አባቴ ያንን ልጅ እጁን ይዞ ፈረስ መጋለብ ያስለመደው ሰው ነበር። ስለ ልጁ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ግን ወሬን ማን ይመልሰዋል? የሽማግሌው የቆርቆሮ በር ተዘጋ፣ ሌሎቹም በሮች እሱን አይተው ተዘጉ።

ዳማው ግን ይህን አልሰማም። በማግስቱም እንደ ልማዱ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፣ እግሩን አሳረፈ። አባቴም ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ለቆርቆሮው ሙሉውን ሰላምታ ሰጠ። ልጁን ጠየቀ፣ ከብቱን ጠየቀ፣ ዝናቡን አነሳ፣ ምርቃቱን ጨመረ። ማንም አልወጣም። ዳማው ድምፁ ሲያልቅ ተንቀሳቀሰ። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። የወተት መኪናው መምጣት ሲያቆም እንኳ ፈረሱን ላጠጣ ብሎ በዚያው መንገድ ይወጣል።

አንድ ቀን አላስቻለኝምና በወንዙ በኩል ለምን አትዞርም፣ ለምን ራስህን መሳቂያ ታደርጋለህ አልኩት። አልተቆጣኝም።

«ሰላምታው የኔ ነው» አለኝ። «መመለሱ የሱ ነው። እኔ የራሴን ላጉድል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም። ምን እንደሚፈልግ ግን አውቄያለሁ። መሬቱን አልነበረም፣ ስሙ እንዲነጻለትም አልነበረም። ሳይሞት ያ ሰው አንዴ ሰላምታውን እንዲመልስለት ነበር የሚፈልገው።

ክረምቱ ሲወጣ ደረቱን ያዘው። ሳሉ እንቅልፍ ነሳው፣ እርካብ መርገጥ አቃተው። ትምህርት ቤቱ በረብሻው ተዘግቶ እኔ ቤት ነበርኩ። ፈረሱን በዚያው መንገድ ወስጄ እንዳጠጣና በሱ ፈንታ ሰላም እንድል ለመነኝ። አባቴ ለምኖኝ አያውቅም፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያ ቀን በሀፍረት ልሞት ነበር። ዳማው ቆመ። ለሽማግሌ በሚባለው ወግ «አካም ቡልተን» ብዬ አጉረመረምኩና ዛቡን ላላ አደረግኩ። ንቅንቅ አላለም። ማሳጠሬን አውቋል። ባዶ መንገድ ላይ፣ ለተዘጋ በር፣ ከብትና ዝናብ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አባዬ ልኮኛል፣ ዛሬ ትንሽ ይሻለዋል ብዬ ጨመርኩ። ያኔ ተንቀሳቀሰ። ከአጥሩ በስተኋላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰምቼ ሰው ነው ብዬ ዞርኩ፤ ነፋስ ይሆናል አልኩ።

በየማታው አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ «መለሰ?» ይለኛል። አልመለሰም እለዋለሁ። እሺ ይልና ወደ ግድግዳው ይዞራል። ለዚህ ቃል ስል ማታ ባይመጣ እመኝ ነበር። ጎረቤት አይገባብንም። ወንድሜና እህቴ መንገድ በተከፈተ ቀን ይደውላሉ፣ መምጣት ግን አይሆንላቸውም። ከጋጡ የፈረሱ ማኘክ ሲሰማ ብቻ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ሲነጋጋ አረፈ። ቡራዩም ሰበታም ደወልኩ፤ ወንድሜ መስመር ላይ እያለቀሰ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ መኪና የለም አለኝ። በእኛ ወግ ሬሳ ለብቻው አይተውም። ታዲያ ማን ይቀመጥለት? ማንስ ሄዶ ይንገር? ፊቱን ሸፈንኩ፣ በሩን ከውጭ ቆለፍኩ። አባቴን ቆልፌበት መሄዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዳማውን ጭኜ ወጣሁ።

የመጀመሪያው በር ላይ ቆመ። እግሩን አሳረፈ።

 ሁልጊዜ ቶሎ ልገላገል ብዬ የማወርደውን ሰላምታ ያን ቀን ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ከቆርቆሮው ኋላ የሰው ድምፅ የሰማሁት። ዝቅ ያለ፣ ጸሎት የሚመስል ድምፅ ነበር።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ» ይላል ድምፁ። ሰላም ነው፣ ምስጋና ለፈጣሪ ማለት ነው። «እሱስ እንዴት አደረ? ሳሉ ለቀቀው? ላሞቹስ? ዝናቡ ድርቆሹን አበላሸው?»

ሽማግሌው የኮቴውን መቆም ሰምተው ነበር መመለስ የጀመሩት። እንደ ወጉ አብረው ነበር የሚመልሱት፤ የሰላምታ ሰጪው ድምፅ የእሳቸውን ሲውጠው ኖሯል። መጀመሪያ የአባቴ፣ በኋላ የእኔ።

«አባዬ አርፏል» አልኩ።

ድምፁ ተቋረጠ። መቀርቀሪያው ተንኳኳ፣ በሩ ተከፈተ። እንደዚያ አርጅተው አላውቃቸውም። ጋቢያቸው መሬት እየተጎተተ መጡና የፈረሱን ጋማ ያዙ። መጀመሪያ ፈረሱን ነው ያዩት፣ ከዚያ እኔን።

«አንድም ቀን ሳልመልስለት አላለፈም» አሉ። «እዚህ ቆሜ ነው የምጠብቀው። ሰው እንዳይሰማኝ ፈርቼ ነው ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት። እሱ ግን ይሰማኝ ነበር አይደል?»

እንዲህ ላለ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ማንም ሰው አዎ ይላል። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ ለአባቴም፣ ለእሳቸውም፣ ለራሴም አዝኜ ነበር።

«አልሰማዎትም» አልኳቸው። «ትናንት ማታም መለሰ ወይ ብሎ ጠይቆኛል።»