ከባሕር ወፎቹ ላይ የተጠረገ እርሳስ

መጀመሪያ እርሳሱን ትቀርጻለች። እንጨቱን በምላጭ ትልጥና ውስጡን ረዘም አድርጋ ታወጣዋለች፤ ከዚያ በታጠፈ ብርጭቆ ወረቀት መሐል እያሽከረከረች ጫፉን መርፌ ታስመስለዋለች። ፎቶ የተነሣበትን ፊልም፣ ኔጌቲቩን፣ ዘንበል ባለው ሳጥን ላይ፣ ወተት በመሰለው መስታወት ፊት ታስቀምጠዋለች። ከሥር የተጋደመው የፊት መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይመልስላታል። በጥጥ ጠብታ ቫርኒሽ ነክታ ፊልሙን ታሸዋለች፤ ያለ ቫርኒሽ እርሳስ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ክንዷን ታስደግፋለች። ከዚህ በኋላ የሚንቀሳቀሱት አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ ብቻ ናቸው። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ትንሽ ጫር፣ ነጥብ። ከሩቅ ያያት ሰው የምትሠራ ሳይሆን ፊልሙን የምትኮረኩር ይመስለዋል።

ኔጌቲቭ ላይ ነገር ሁሉ ግልብጥ ነው። እዚህ ያጠቆሩት ወረቀት ላይ ሲታተም ይነጣል። የሙሽራ ብጉር የሚጠፋው፣ የሽማግሌ ግንባር የሚለሰልሰው በዚህ መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ከእርሳሱ ሥር ያለችው ሙሽራ አልነበረችም። ዓለት ላይ የተደረደሩ የባሕር ወፎች ነበሩ፤ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ሊነሣ ነው።

የእጁ ባለቤት ዘርትሁን ጉታ ትባላለች። ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር የነበረው የ«ዓምሃና ዘርትሁን ፎቶ ቤት» ግማሹ እሷ ነበረች። አባቷ ሸጎሌ ከብት ያሻሽጣሉ፤ እሳቸው ያሻሻጡት በሬ «የጉታ በሬ» ተብሎ ነው የሚነዳው። ዘርትሁንም ከሥራዋ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፣ ስሟ አብሮት እንዲሄድ። ከዓምሃ ጋር ያጣላት ሌላ ነገር አይደለም።

ሙያውን ሁለቱም የተማሩት ፒያሳ አንድ አርመን ዘንድ ነው። ዓምሃ ማንሳቱን ያዘ፤ እሷ ማጠቡን፣ ማተሙንና ሪቶቹን፣ ኔጌቲቭ በእርሳስ ማሳመሩን፣ ያዘች። ቤቱ የዓምሃ አባት ንብረት ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ግን ሁለቱንም ስም በእኩል ፊደል ይዞ ነበር።

ወፎቹ የመጡት ዓምሃ የወደብ ሠራተኞችን ጉርድ ፎቶ ሊያነሣ ምጽዋ በወረደ ጊዜ ነው። ሲመለስ ከጉርዶቹ መሐል ያ ፊልም ተገኘ። ፀሐዩ አቃጥሎታል፤ ሰማዩና ውኃው ወተት ሆነዋል፤ ወፎቹን ከላይ እስከ ታች ጭረት ፈጅቷቸዋል።

«ጣይው» አላት ዓምሃ። «አሸዋ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ቧጭሮታል።»

«ተወው፣ ልሞክረው።»

ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ሞከረችው። ጭረቶቹን እየተከተለች በእርሳስ ሞላቻቸው። ከሁሉ ያስቸገራት ከወፎቹ ኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሄደው ቀጭን መስመር ነበር፤ እሱንም አሳምራ ደፈነችው። ሲያልቅ ለየወፉ ዓይን፣ ለሙሽሮች እንደምታደርገው፣ አንዳንድ የብርሃን ነጥብ ጣለችለት። አተመችና ለዓምሃ አሳየችው።

«ባሕሩስ?» አላት።

«የቱ ባሕር?»

«ከኋላ የነበረው ነዋ! ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር!»

«እሱ... ጭረት አልነበረም?»

ዓምሃ ወንበር ይዞ ሳቀ። ዘርትሁን ባሕር አይታ አታውቅም። ጉለሌ ላደገ ሰው ሰማይ የሚያልቀው እንጦጦ ላይ ነው፣ በባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ወጣ ገባ እያለ። በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ የሚያልቅ ሰማይ መኖሩን ማን ነግሯት!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ተራ የጓደኛ ሳቅ ነበር። ዓምሃ ግን ደንበኛ በገባ ቁጥር ሥዕሉን እያወጣ፣ «ሙሴ ባሕሩን ከፈለ፤ የእኛይቱ ደፈነችው!» ይል ጀመር። ቅጽል ስሟ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ወረደ። ፊት ለፊት ያሉት የጎሚስታ ሠራተኞች ስታልፍ ይጠሯታል፦ «ባሕር ደፋኟ! እባክሽ ይሄንንም የመንገድ ጉድጓድ ድፈኚልን!» ዘርትሁን ፎቶውን በሻሿ ጠቅልላ ወደ እትዬ ጀዊሪያ ሱቅ ሄደች።

እትዬ ጀዊሪያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ተወልደው ያደጉት ምጽዋ ነው፤ ጉለሌ የመጡት በትዳር ነው።

«እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ። ብቻ እንዳይስቁብኝ።»

እትዬ ጀዊሪያ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ውይ፣ እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?»

«ምን ሆኑ?»

«ዓይናቸው! ሰርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት እኮ። የቀራቸው ኩል ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ይህኛው ሳቅ አላመማትም።

«ይልቅ ስሚኝ ልጄ» አሉ እትዬ ጀዊሪያ፣ በጥፍራቸው እያሳዩ። «የእኛ አገር ወፍ ነጭ ያለው ዓይኑ ዙሪያ ነው። ዓይኑ ራሱ ጥቁር ነው፤ መብራት አታብሪበት። ደረቱም እንደ ታጠበ ነጠላ እንዲህ አይነጣም፣ አመድ ነገር ነው። ባሕሩን መልሺ። ባሕሩ ደግሞ ከሰማዩ ጠቆር ይላል።»

«ይሄኛውስ?» አለች ዘርትሁን፣ ክንፉን የዘረጋውን እያሳየች።

እትዬ ጀዊሪያ ጥፍራቸውን ከፎቶው ላይ አነሡ። «እሱን አትንኪው። እሱ ሲነሣ ይሰማኛል።»

ዘርትሁን ተመልሳ፣ ክንፉን የዘረጋውን ወፍ ብቻ ዘላ፣ ኔጌቲቩን በአኳራጅ፣ ቀለም በሚያቀጥነው ፈሳሽ፣ ጠረገችው። የእርሳስ ደግነቱ ይኸው ነው፤ ምላጭ የፋቀው አይመለስም፣ እርሳስ የጻፈውን ግን ጥጥና አኳራጅ ያነሣዋል። የጠረገችውን እንደገና ጀመረች። ጭረቱን ከመስመሩ ለየች። ዓይናቸው ላይ ብርሃን አልጣለችም። ደረታቸውን እንዳለ ተወችው። ባሕሩን ማጥቆር አልሞከረችም፤ ሰማዩን በእርሳስ ስታነጣው ባሕሩ ራሱ ጠቁሮ ወደ ፊት መጣ። የሙከራ ኅትመቱን እየያዘች ወደ ሱቁ ትመላለሳለች። «ገና ነው» ይሏታል እትዬ ጀዊሪያ ጨርቅ እየለኩ። «ዓለቱ ደረቀ፤ እርጥብ ነው እኮ።» ሄዳ ታስተካክላለች። «አሁን ደግሞ ዘይት የፈሰሰበት መሰለ።» እንደገና ሄዳ ታስተካክላለች።

በመጨረሻ አንድ ቀን እትዬ ጀዊሪያ ፎቶውን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ደንበኛ ጠራቸው፤ አልሰሙም። «ይኼን ለኔ ትተሽልኝ ሂጂ» አሉ።

የዚያ ፎቶ ሌላ ኅትመት ከፎቶ ቤቱ መስኮት ሲሰቀል መንገደኛ ይቆምለት ጀመር። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች እንኳ ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ያዩት ነበር። ዓምሃ በፖስት ካርድ መጠን አሳተመውና እንደ ጉድ ተሸጠ። ዘርትሁን ካርዱን ብትገለብጠው ማኅተሙ «ዓምሃ ፎቶ ቤት» ይላል።

«የኔስ?»

«ማኅተሙ ጠባብ ነው፤ ሁለት ስም አይዝም።»

ይህን ዋጠችው። ቀጥሎ አንድ ባለ ሆቴል መጣ፤ ወፎቹን ለአዳራሹ ግድግዳ፣ የበር ቁመት አድርጎ እንዲያሳትምለት ፈለገ። ዘርትሁን ከጨለማ ክፍሉ መጋረጃ ኋላ እጇ እንደረጠበ ቆማ ትሰማለች።

«ሥራው የማን ነው?» አለ ሰውዬው።

«የእኔ።»

«ቅድም ያየኋት ሴትዮስ?»

«እሷ? ቤት የምታጸዳልን ናት።»

በሳምንቱ ሰሌዳው ወርዶ በአዲስ ቀለም ተሰቀለ። አንድ ስም ብቻ፣ በትልቁ።

«ስሜስ ዓምሃ?»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ምጽዋ ወረድሽ? ወፉን አየሽው? ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ያንቺ እርሳስ ነው፣ በቃ።»

«እርሳስ ብቻ?»

«እርሳስ ብቻ። ባሕርና ጭረት የማትለዪ! ለማንኛውም ነገ ኔጌቲቩን ማተሚያ ቤት እወስደዋለሁ። ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ።»

«እሺ» አለች ዘርትሁን።

ዓምሃ ለምሳ ወጣ። እሷ ኔጌቲቩን ሳጥኑ ላይ አኖረች። ጥጡን አኳራጅ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ከግራ ጀመረች። የመጀመሪያው ወፍ ላይ ጭረቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ላይ ተመለሰ። ሰማዩ ላይ ስትደርስ እጇ ሰፋ ሰፋ አለ፤ ባሕሩ ተመልሶ ወተት ውስጥ ሰመጠ። ጥጡ ጠቆረ፣ ሌላ ነከረች። የቀረው ክንፉን የዘረጋው ወፍ ብቻ ሆነ። «እሱን አትንኪው» የተባለችው ትዝ አላት።

ነካችው።

ከዚያ ኔጌቲቩን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እርሳሶቿንና ሳጥኗን ይዛ ወጣች። ሌላ ከዚያ ቤት ያነሣችው ነገር የለም።

የሆነውን የነገራት ስብሐት ነው፣ አርመኑ ዘንድ አብሯቸው የተማረ፣ አሁን እዚያው ማተሚያ ቤት የሚሠራ። በር የሚያህለው ወረቀት ከማጠቢያው መድኃኒት ሲወጣ ጭጋግ ነበር፤ በጭጋጉ ላይ ጭረቱ እንደ ዶፍ ዝናብ ወርዷል። ባለ ሆቴሉ «ይሄ ሌላ ነው» አለ። ዓምሃ «ያው ነው» አለ። «የፈለግሁት የመስኮቱን ነው» ብሎ ሰውዬው ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

«ፊቱ ምን መሰለ?» አለች ዘርትሁን።

«የማን?»

«የዓምሃ ነዋ። ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

ነገራት። እንደገና አስነገረችው።

ዓምሃ ከመስኮቱ ፎቶ ላይ ፎቶ አንሥቶ ሞከረ፤ ወፎቹ ጭቃ መሰሉ። ያን ጊዜ ሸጎሌ ድረስ ወጣ፤ ዘርትሁን ከአባቷ ቤት ፊት ለፊት በተከራየችው ክፍል ሳጥኗን ዘርግታ ነበር።

«ዘርትሁንዬ።»

«አቤት ጌታው።»

«አጠፋሽብኝ እኮ።»

«ምኑን? ወፎቹ አሉ፣ ዓለቱ አለ፣ ባሕሩም አለ፤ ዘንድሮ አልደፈንኩትም። አንተ ያነሣኸው አንድም አልጎደለ።»

«መልሺልኝ። ስምሽን ሰሌዳው ላይ እመልሳለሁ።»

«ባለ ሆቴሉ ዘንድ ሂድና ቤት የምታጸዳው ማን እንደሆነች ንገረው። ከዚያ ና።»

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ?»

«እንግዲያው ከሱቅ እርሳስ ግዛ። እርሳስ ብቻ አይደል?»

ሄደ፤ ባለ ሆቴሉ ዘንድም አልደረሰ። እትዬ ጀዊሪያ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። «ወፎቹ ምን አደረጉሽ ልጄ?» አሏት። «ምንም አላደረጉኝም፤ ግን በእሱ ስም ከሚበሩ ይቅርባቸው» አለች። እትዬ ጀዊሪያ ፊታቸውን አዙረው ጨርቅ ማጠፍ ቀጠሉ።

ዘርትሁን አሁንም በጳውሎስ በኩል ስታልፍ ቆም ብላ ያንን መስኮት ታያለች። ፎቶው ገና እንደተሰቀለ ነው፤ ዓምሃ ሌላ የሚተካው የለውምና። ፀሐይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየበላችው ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ ዳር ዳር ያሉት ወፎች እየጠፉ ነው። ዘርትሁን አትቸኩልም። ወደ መሐሉ እስኪደርስ ትጠብቃለች።

ለእትዬ ጀዊሪያ ከተተወው ሌላ፣ ደህና ሆነው የቀሩት በየሰው ቤት ያሉት ካርዶች ብቻ ናቸው። ስለነሱ፣ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አላት። በራሷ አነጋገር ይኸው፦

«የባሕር ወፎቹ ካርድ ቤታችሁ ካለ ከግድግዳው አውርዱና ገልብጡት። ማኅተሙን አትፋቁት፤ እሱም ይታይ። ከሥሩ ‹የዘርትሁን ጉታ ሥራ ነው› ብላችሁ ጻፉልኝ። አደራ፣ በእርሳስ እንዳይሆን። በቀለም ጻፉት።»