ያልተነሣው ነፋስ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ፋርስታ አጠገብ ባለ መጋዘን ካያክ የሚሏቸውን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባዎች ማጠብ ነበር። አለቃዬ አንደሽ የውሃውን ቱቦ ሰጠኝና ጨው እንዳይቀርበት ብሎኝ ሄደ። ሥራውን ያገኙልኝ ዶክተር ታምሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሪንከቢ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ደውለው "ልጄ ነው" አሉልኝ። ስዊድን ውስጥ እንዲያ የሚልልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ከማጠብ ወደ ጥገና፣ ከጥገና ወደ አጃቢ ጀልባ ሹፌርነት አደግሁ። ስዊድን መቀዝቀዝ ሲጀምር ድርጅቱ እንግዶቹን ወደ ግሪክ ሞቃት ባሕር ይወስዳል። እነሱ በካያክ ይቀዝፋሉ፤ እኔ ምግብና ሻንጣቸውን ጭኜ በሞተር ጀልባ እከተላለሁ። የደከመውን አነሣለሁ። የእነሱ ሽርሽር፣ የእኔ እንጀራ።

ከጉዞው በፊት ልምምድ አለ። ቀዛፊው የካያኩን አፍ የሚዘጋ ካፔል የሚባል ጨርቅ ወገቡ ላይ ያስራል። ከዚያ ዳር ላይ ሆን ብሎ ይገለበጣል፤ ካፔሉን ራሱ አላቅቆ ይወጣል። በራሱ ያልወጣ አይቀዝፍም። ሕጉ ለንጉሥም አይለወጥም።

አንድ መስከረም ዶክተር ታምሩ ከነልጆቻቸውና ከነልጅ ልጆቻቸው ለግሪኩ ጉዞ መጡ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቀዛፊዎቹን የምትመራው ስዊድናዊት አስጎብኚ ልጆቹን ልታለማምድ ወዲያ ወሰደችና እሳቸውን ለእኔ ተወችልኝ፤ ቋንቋችሁ አንድ ነው ብላ።

ተገለበጡ። አልወጡም። እጃቸው የካፔሉን ማላቀቂያ ገመድ ትቶ የካያኩን ጎን ይቧጥጣል። ዘልዬ ገብቼ ቀና አደረግኋቸው። ውሃውን እየተፉ መጀመሪያ ያዩት ወደ ልጆቻቸው ነበር። ማንም አላየም።

እንድገመው ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ትከሻዬን ያዙ።

"ግርማ፣ ልጆቼ ፊት አታዋርደኝ። ለአስጎብኚዋ ልምምዱን አልፈዋል በላት።"

"ይቅር ይበሉኝ ዶክተር፣ አልችልም። ከእኔ ጋር ጀልባው ላይ ይሆናሉ።"

እኛ ዘንድ ታላቅን በሰው ፊት አያርሙም፤ ዞር አድርጎ ነው የሚነገረው። እኔም ዞር አድርጌ ነው የነገርኩት። ጀልባው ላይ ሲቀመጡ ግን ሁሉም አየ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው አያቴ ለምን አይቀዝፍም ብላ በስዊድንኛ ጠየቀች። ምሳ ሳቀርብላቸው ዶክተር አልቀመሱም።

ቀኑን ሙሉ ነፋስ ጠበቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲነሣ ተመኘሁ። ባሕሩ ግን እንደ ሳፋ ውሃ ተኝቶ ዋለ። ሕፃናቱ እንኳ እየሳቁ ደረሱ።

ስቶክሆልም ስንመለስ አንደሽ ጠራኝ። ደንበኛ አስቀይመሃል አለ። ሕጉን ነገርኩት። እሳቸው ግን ልምምዱን በሚገባ አልፌያለሁ ብለዋል አለኝ።

ከካያክ አስወርጄአቸዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኔን ሽማግሌ፣ ልጄ ነው ያሉኝን ሰው፣ ለፈረንጅ አለቃ "ዋሹ" ልበል? አፌ አልታዘዘኝም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። በነጋታው ያችው ቱቦ እጄ ገባች፤ እስከ ጡረታዬም ካያክ አጠብኩ።

ባለፈው ሳምንት በሰማያዊው መስመር ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ፊት ለፊት ተገናኘን። ተነሥቼ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ነበር፤ በመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም። አርጅተዋል፤ ግን በሕይወት አሉ።

አጃቢ ጀልባ ለምትይዙ ወጣቶች የምለው ይኸው ነው። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። ቢሆንም በራሱ ያልወጣን ሰው አታስቀዝፉ።