በሙሉቀን ብስክሌት ወደ ወገዳ

ሐሙስ ማለዳ ከንፋስ መውጫ ስነሳ ሁለት ነገር ይዤ ነበር፤ የታናሽ ወንድሜን የሙሉቀንን ብስክሌትና የራሱን የሙሉቀንን መርዶ። ሙሉቀን ባሕር ዳር ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ታሞ ሦስት ቀን እንኳ ሳይተኛ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ማምጣት አልቻልንም፤ እዚያው ቀበርነው። ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ያለችውን እናታችንን ግን “ስልኩ ጠፍቶበት ነው” እያልን ስንሸነግላት ሰነበትን።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና የንስሐ አባት ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ ሄደው፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ይነገራል። እኔ መምህር ነኝ ባይ ይህን ልማድ ስተች የኖርኩ ነኝ። “ቢደወልላት ምናለበት?” ብዬ አጎቴን ጋሽ ሞላን ጠይቄያቸው ነበር።

“ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? ስልኩ?” አሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት እሳቸው ቤት ገብቼ ተደብቄ እንዳድር፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አብረን እንድንሄድ ተስማማን። ቤታቸው ቁልቁለቱ ወገብ ላይ፣ የእናቴ ደግሞ ከግርጌው ነው። “ብስክሌቱን እየገፋህ ውረድ፤ እንዳታይህ” ብለው አስጠነቀቁኝ።

ሰሞኑን ወደ ስማዳ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ ነው በብስክሌት የተነሳሁት። ሙሉቀን ራሱ የገጣጠማት ናት፤ ያላትም የፊት ፍሬን ብቻ። ጎማዋ እስከዞረ ድረስ ፔዳሏም አብሮ ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ እንኳ እግር አሳርፎ መንሸራተት የለም። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷም እንደዚያው ናት” እያለ ይስቅ ነበር። ለእናታችንም “በዚችው መጥቼ ደጅሽ ላይ ነው የምወርደው” ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

ሐሙስ፣ ወደ አርብ ገበያ

ንፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ዳገቱን ግማሹን ጋልቤ ግማሹን ገፋሁት፤ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ ገፋሁት። ማታ አርብ ገበያ ደረስኩ። ሽሮ በላሁና አልጋ ይዤ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ወደ ወገዳ

ጠዋት ስወጣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ይገባ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቆመው እግሬን ሲያዩ ቆዩና “ቁልቁለት ላይም ትረግጣለህ እንዴ?” አሉኝ።

“አዎ አባቴ፣ አታሳርፍም።”

“በሬ እንኳ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ይተነፍሳል” ብለው ሳቁብኝ። “ለመሆኑ ወዴት ነው?”

“እናቴን ልጠይቅ።”

“እሰይ፣ ደስ ይላታል። ተባረክ።”

ምርቃታቸውን ተቀብዬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ እያለቀስኩ ነው የጋለብኩት።

ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ቤት በላይ ያለው ጫፍ ላይ ደረስኩ። ከብስክሌቷ ወርጄ መግፋት ነበረብኝ። ነገር ግን ሙሉቀን የተመኘውን ቁልቁለት በእሱ ፈንታ ጥቂት ልጋልብለት ብዬ አሰብኩ፤ እስከ አጎቴ በር ድረስ ብቻ። ጥቂት እንደወረድኩ ፔዳሉ ከእግሬ ፈጠነ። እግሬን ጥሎ ብቻውን ይሽከረከር ጀመር። ፍሬኑን ስጨብጥ ሽቦው ተበጠሰ። ጋሽ ሞላና የንስሐ አባታችን በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አየኋቸው፤ በፊታቸው አለፍኩ።

እናቴ ደጇ ላይ ገብስ እያሰጣች ነበር። ብስክሌቷን ስታይ ቀና አለችና እልል አለች። “ሙሉቀን! ልጄ መጣ!” እያለች ደግማ እልል አለች። እኔ ጭድ ክምሩ ውስጥ ገብቼ ወደቅሁ።

ሮጣ መጥታ ጭዱን ከፊቴ ላይ ጠረገችልኝ። “ማሩ? አንተ ነህ? እሱስ፣ ከኋላ ነው?”

እሷ ሽቅብ ተመለከተች። ጋሽ ሞላ ነጠላቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቁልቁል ይሮጡ ነበር።

“ሁለቱን አንድ ላይ ምን ያስሮጣቸዋል?” አለች ቀስ ብላ።

የወደቀችው ብስክሌት ጎማ ገና ይዞር ነበር፤ ፔዳሉም አብሮ። እናቴ እጇን ሰዳ ያዘችው፤ ቆመ። ከዚያ ያሰጣችው ገብስ ላይ ተቀመጠች። እነሱ እስኪደርሱ ከእኔ በቀር ደጋፊ አልነበራትም፤ እኔም መደገፍ አልቻልኩበትም።

ወደ ቤት

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ብስክሌቷን ጎተራው አጠገብ አቁሜ በእግሬ ተመለስኩ። አሁን ንፋስ መውጫ ቤቴ ሆኜ ስጽፍ፣ የተቸሁት ልማድ ለምን እንደተሠራ ይገባኛል። መርዶ በጎህ የሚነገረው ቀኑ በደስታ ሳይጀመር ነው።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ስትሸኘኝ ግን እጄን ይዛ “ልቅሶውስ ይሁን፣ ልጄ” አለችኝ። “በልጄ ሞት እልል ማለቴን ምን ላድርገው?”