በቃል የተያዘ ኮምፒውተር

ደራሲውን በአካል አይቼው አላውቅም። የማውቀው በመጽሐፎቹ ጀርባ ባለው ፎቶግራፍ ነው፤ ክራባት ያሰረ፣ ፊቱን ኮስተር ያደረገ ሰው። ከፎቶግራፉ ሥር የኮምፒውተር መጽሐፎቹ ስም ይደረደራል፦ ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ሠንጠረዥ፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ቫይረስ፣ ስለ ጥገና፣ ስለ ኢንተርኔት። ያ ሲያልቅ ደግሞ «በቅርብ ቀን የሚወጡ» የሚል ይቀጥላል። ይህ ሰው መቼ ይተኛል እያልኩ እገረም ነበር። ቡሬ መናኸሪያ መጽሐፍ የሚያዞረው ሻጭ ከደራሲው አዲስ ነገር ባመጣ ቁጥር አባቴ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

እኔ ፍኖተ ሰላም የሙያ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር እማር ነበር። እማር ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ አንዱን ኮምፒውተር ከብበን ስንቆም ከኋላ ሆኜ የማጠናው የሰው ማጅራት ነበር። ተራዬ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ መምህሩ ስብሰባ ይጠራል። በዚያ ዘመን መምህር ከማስተማር ይልቅ የሚሰበሰብ ይመስለኝ ነበር።

የእኔ ጉዳይ ግን ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው እያነሰ ስለሄደ ከማኅሌት ቀርተዋል፣ ከደብሩ የሚያገኙትም አብሮ ቀርቷል። እናቴ በሕይወት የለችም። ቡሬ አንድ መሥሪያ ቤት የጸሐፊ ቦታ ተከፍቶ፣ ኃላፊው «የብቃት ምዘናውን አልፈሽ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፣ እስከ ሦስት ወር እንጠብቅሻለን» ብሎኛል። ካላለፍኩ እኔና አባቴ ምን እንደምንበላ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አባቴ በሚያውቁት መንገድ ሊረዱኝ ተነሡ። ኮምፒውተር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ መጽሐፍ ግን ያውቃሉ። በእሳቸው ቤት መጽሐፍ ተማረ የሚባለው በቃሉ የያዘ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቡሬ ስመጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጉና፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ «በይ አሰሚኝ» ይሉኛል። አሰማለሁ። «ከላይ በስተግራ ፋይል የሚለውን ክሊክ ያድርጉ። ቀጥሎ ፕሪንት የሚለውን ይምረጡ።» አንዲት ቃል ብዘል በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ከምዕራፉ መጀመሪያ እንደገና። ከመካከል መነሣት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው።

አንድ ቀን «ይኸ ክሊክ የሚሉት ምንድር ነው ልጀ?» አሉኝ።

«በጣት ጫን ማድረግ ነው፣ አባየ።»

«ታዲያ ጫን አርጉ አይልም?» አሉና ወደ ንባቡ ተመለሱ። እንዳይጠፋብኝ ብለው የዳዊት ንባብ ዜማ ሰጡት። በደጃችን የሚያልፍ ሰው የምጸልይ መስሎት ቆም ብሎ ያማትብ ነበር።

ደራሲው በየምዕራፉ መጨረሻ በሳጥን የታጠረች ማስጠንቀቂያ ያስቀምጣል፦ የማያውቁትን ምልክት አይንኩ። አባቴ እሷን በጣም ወደዷት። እሷንም በቃሌ ያዝኳት።

የምዘናው ቀን ክፍሉ ውስጥ ከካርቶን የወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ጠበቁን። ደስ አለኝ፤ ለራሴ ብቻ የሚሆን ኮምፒውተር ደርሶኝ አያውቅም። የታዘዝነው ቀላል ነበር፦ ደብዳቤ ጽፎ፣ አስቀምጦና አትሞ ማስረከብ። ደብዳቤውን ጻፍኩ። ከዚያ ከላይ በስተግራ አየሁ። ፋይል የሚል የለም።

ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። የለም። በቦታው ክብ፣ ባለቀለም ምልክት ተቀምጧል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ስሞች ጠፍተው የማላውቃቸው ሥዕሎች ተኮልኩለዋል። በከንፈሬ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ፋይል ጋ ስደርስ ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቆምኩ። መዛኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አጠገቤ መጥቶ «ዝም ብለሽ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ» አለኝ። እጄ አልታዘዘኝም። የማላውቀውን እንዳልነካ ስንት ቅዳሜ ተምሬያለሁ። ሰዓቱ አለቀ።

ውጭ አብራኝ የተመዘነች ልጅ ነገረችኝ። የጽሕፈት ፕሮግራሙ አዲሱ ነው፤ ፋይል የነበረው ወደዚያ ክብ ምልክት ተለውጧል። አንድ ጊዜ ብነካው የምፈልገው ሁሉ ከሥሩ ነበር። እሷም አታውቀውም ነበር፤ ስትነካካ ተከፈተላት። ያን ቀን ደራሲውን ጠላሁት። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ይህ ነገር ይለወጣል የምትል አንዲት መስመር እንዴት አቃተችው?

ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሜ ትይዩ «ብቁ አይደለችም» ይላል። ወደ ቡሬ ስመለስ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ማንኩሳ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ ምነው እዚሁ በተበላሸ ብዬ ተመኘሁ። አባቴ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው።

«የቱ ላይ ሳትሽ?» አሉኝ።

መልስ ሳይጠብቁ መጽሐፉን አምጥተው ዘረጉ። አሰማሁ፤ እያለቀስኩ ምዕራፉን እስከ ሳጥኗ ድረስ አሰማሁ። ጣታቸው መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ። መቋሚያው አልተነሣም።

«አልሳትሽም» አሉ።

«ኮምፒውተሩ ተለውጦ ነው፣ አባየ።»

«መጽሐፉ ሳይለወጥ?»

መጽሐፉን ከጉልበታቸው ላይ አንሥቼ አጠፍኩት።

በማግሥቱ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ማልደው ወጡ። ቤተ ክርስቲያን የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ የቀረችውም ድምፅ ጠፍታ ጆሮዬን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ነበረብኝ።

«መሥሪያ ቤቱ ሒጀ ነበር» አሉኝ። «ልጀ አንድ ቃል አልሳተችም፤ ጠርታችሁ ስሟት ብየ ለመንኋቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«ቦታው ሰው ገብቶበታል አሉኝ።» መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። «ቢሆንም ስሟት ብያቸው ነበር።»