ወይዘሮ ሦስት ቀን

ሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን ከረሳ ቆይቷል። «ወይዘሮ ሦስት ቀን» ነው የሚላቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያችው ጠባብ ፋርማሲ፣ ከዚያው የመስታወት ባንኮኒ ጀርባ ቆመዋል።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቱ ያለቀበት፣ ሐኪሙንም ማግኘት ያልቻለ ሰው ሲመጣ፣ ያለ አዲስ ማዘዣ እንዲሰጡ ደንቡ የሚፈቅድላቸው የሦስት ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ከዚያው ፋርማሲ ሲወስድ የቆየ መሆን አለበት፤ ምክንያቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ለሐኪሙ ይነገራል። «ሳምንት ቢያደርጉልኝስ?» ሲሏቸው መልሳቸው ያው ነው፤ «ሦስት ቀን።» ባለቤታቸው እንኳ «እኔንም ያገባችኝ ለሦስት ቀን መስሏት ነው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ወይዘሮዋ መሳቁን ትተውታል። ከመቆም ብዛት እግራቸው ያብጣል፤ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ወንበር ነው።

አንድ እሑድ ተረኛ ነበሩ። ሊዘጉ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው፣ ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ገባና ባዶ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ የባለቤቴ ነው። ሐሙስ አለቀ። ዛሬ ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር።»

ብልቃጡን አገላብጠው አዩት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ በልዩ ቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ካሉት አንዱ። ስንት እንደሚወሰድ የተጻፈበት ግን በውኃ ተፍቋል።

«ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እንዴት እንዳለቀ እኔም አልገባኝም።»

«ይህን መስጠት አልችልም። የሦስት ቀኑ ደንብ ለእንደዚህ ዓይነቱ አይሠራም።»

«ለሰው ሁሉ ይሰጡ የለም እንዴ! የኔ ሚስት ምን በድላዎት ነው?»

«ምንም አልበደለችኝም። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

ሲናገሩት ራሳቸውን ሰለቻቸው። ስንቴ ብለውታል ይህን! ስልክ አንስተው ሐኪሙ ጋ ደወሉ፤ ዝግ ነው። ክሊኒኩ ጋ ደወሉ፤ ዘበኛው «እስከ ነገ ማንም የለም» አላቸው።

«በል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ይህ መድኃኒት በአንዴ ሲቋረጥ አደገኛ ነው።»

«እሺ አትለኝም። ባለፈው ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ አስቀምጠውን፣ ስንት ትወስዳለች ሲሉኝ ግራ ገብቶኝ፣ ተቆጥተው ነው የመለሱን። እርስዎ እንኳ ያዝኑልናል ብዬ ነበር።» ብልቃጡን አፈፍ አድርጎ ወጣ።

በቀረችው ሰዓት ከሁለት ሰው በላይ አልመጣም። እሳቸው ግን መዝገቡን ገልጠው የሴትዮዋን የመጨረሻ ማዘዣ ፈለጉ፤ አግኝተውም ደጋግመው አነበቡት። በሌላ ወረቀት ላይ ገለበጡት። ከዚያ ቆልፈው፣ የቤታቸውን መንገድ ትተው ወደ ማዶ፣ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ተሻገሩ።

ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ተነሽ ልጄ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት።

ድንገተኛ ክፍሉ እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ሚስትየው ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እንዳትነቃ ብለው ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ባልየው ሊያያቸው አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

ተራቸው ሲደርስ ወጣቷ ሐኪም ጠየቀች። «ስንት ነው የምትወስደው?»

«ማታ ሁለት» አለ ባል።

«አንድ ነው» አሉ እሳቸው፣ ወረቀቱን ዘርግተው። «ሐኪሟ ባለፈው ቀንሶላታል።»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። «እኔኮ ሁለት እያልኩ ነው ስሰጣት የነበረው!»

ለዚህ ነበር በግማሽ ወር ያለቀው። ወይዘሮዋ አልተቆጡትም። ለውጡን የነገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ግን ያን ቀን ፋርማሲው ተጨናንቆ ስለነበር፣ ይስማ አይስማ ቀና ብለው አላዩትም ነበር።

ወጣቷ ሐኪም መርምራት አዲስ ማዘዣ ጻፈች። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ግን መድኃኒቱ የለውም። አመሻሹ ላይ ተመልሰው መጡ፤ እሳቸው የቆለፉትን ከፍተው፣ ቆጥረው ሰጧት። ብልቃጡ ላይ በትልልቁ «ማታ፣ አንድ ብቻ» ብለው ጻፉና ባልየውን ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረጉት።

በማግስቱ የፋርማሲው ባለቤት ተቆጣ። «ከሥራ ሰዓት ውጪ ማን ክፈቺ አለሽ?» ማዘዣውን አሳዩት፤ አጉረምርሞ ተወው።

የቀጠሮው ዋዜማ ልብስ ሰፊው ብቅ አለ። መድኃኒት ፈልጎ አልነበረም።

«እትዬ፣ ነገ አብረውን አይሄዱም?»

«አልሄድም» አሉት። «ደክሞኛል። ሲጠይቋት እሷ ራሷ ትመልስ፤ አንተ ዝም በል።»

ቅር ብሎት ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ብቻዋን መጣች፤ በእጇ አዲስ ማዘዣ ይዛለች።

«እኔ ነኝ የመለስኩት» አለች። «እሱን ውጭ አስቀመጥኩት።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ማዘዣውን ተቀበሏት። አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «ስንት ነው የምትወስጂው?» ሲሉ ጠየቋት።