ያላልኩት አሜን

ቡራዩ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚታይ የሚጠየቀው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ፒያሳ ስለሆነ ሠፈሩ ሹመቱን በነጻ ሰጠኝ፤ እኔም አልጠላሁትም። ምክሬ አጭር ነበር። አስተናጋጅ እጅህን ይዞ ከሚጎትትህ ቤት አትግባ። ሥጋ የሚበላው ቆራጩ እጁ ከማያርፍበት ቤት ነው። በጾም ቀን በያይነቱ እዘዝ፤ ከዚያ ስፕሪስ፣ ሎሚ ጠብ አድርገህበት። ከተማውን ከላይ ማየት ካማረህ በጠዋት እንጦጦ ውጣ፤ ከረፈደ የምታየው ጭስ ነው። ይህን ሁሉ የምናገረው ከተማውን ራሴ የሠራሁት ይመስል እየተኩራራሁ ነበር።

የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ለከተማው ውሃ በሚሰጠው በገፈርሳ ግድብ ዳር ያርሱ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ በአባትነት የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ረብሼ ወላጅ አምጣ ስባልም የሄዱልኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ሱሉልታ፣ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ዘንድ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱልኝ ነው። ከዚያ በፊት ደስ ላሰኛቸው ብዬ ምሳ ልጋብዝዎት አልኳቸው።

"ከተማ ምን ማየት ይፈልጋሉ አባባ?"

"ድንችና ጎመኔን ስሸጥለት ኖርኩ። ውሃችንንም ይጠጣል። እስቲ አንድ ቀን ሲበላ ልየው" አሉ።

ጊዜው፣ ከተማውን ወደ ኦሮሚያ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተነሣበት ነበር። መንገዱ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ በማግስቱ ይከፈታል። እኔ መሥሪያ ቤት "ሠፈርህ የት ነው?" ስባል "አስኮ" ማለት ጀምሬ ነበር። አስኮ ታክሲ የምቀይርበት እንጂ ቤቴ አይደለም። የዚያን ቀንም ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "አባባ፣ ዛሬ በአማርኛ ብቻ ብናወራ ይሻላል" አልኳቸው። ሠፈራችን በኦሮምኛ የተጀመረ ወሬ በአማርኛ ነው የሚያልቀው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሰምተው አያውቁም። ለአፍታ አዩኝና "እሺ፣ ኢልመ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ስድስት ኪሎ አንበሶቹን አሳየኋቸው፤ "ከስተዋል" ብለው አዘኑላቸው። ከዚያ ፒያሳ ወደምወደው ሥጋ ቤት ወሰድኳቸው። ጥብሱ ቀረበ። ውሃ በጆግ ይዛ የመጣችውን አስተናጋጅ "ይሄ ከኛ ሠፈር የመጣ ውሃ ነው" አሏት፤ ሳቀች። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

ማዕድ ሲቀርብ ቆመው ይመርቃሉ። አንድ ነገር ይሉና ቆም ይላሉ፤ ታናሽ "አሜን" ይላል፤ ይቀጥላሉ። ምርቃት ተቀባይ ይፈልጋል። መዳፋቸውን ዘርግተው ጀመሩ፣ በኦሮምኛ። የለመዱት ምርቃት በሌላ ቋንቋ አይወጣላቸውም። ከጎናችን ስለተዘጋው መንገድ ሲያማርሩ የቆዩ ሰዎች ወደ እኛ ዞሩ። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ለትዳሬ መረቁና ቆም አሉ። አሜን በሁለቱም ቋንቋ አሜን ነው፤ አሜን ብልም ማንም ከየት እንደሆንኩ አይለይብኝም ነበር። አላልኩም። ለሚወለዱት ልጆቼ መረቁና እንደገና ቆም አሉ፤ ጠበቁኝ። ጆጉን የያዘችው አስተናጋጅ "አሜን" አለች።

ሽማግሌው እንደተቀመጡ ከጎናችን ካሉት አንዱ "አባትህ ናቸው?" አለኝ። በክፋት አልነበረም።

"አይ፣ ታክሲ ውስጥ ነው የተገናኘነው።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን ግን ወዲያው ታውቆኛል። የሽማግሌው አማርኛ ከእኔ አያንስም። ሁለቴ ጎርሰው እጃቸውን ታጠቡ። እንጦጦ ሳንወጣ ተመለስን። አስኮ ስንደርስ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና "ጥብሱ ጨው በዛበት እንዴ?" አልኳቸው።

"ደህና ነበር" አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ እሑድን ስፈራ ሰነበትኩ። እንደማይሄዱልኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ቢቀሩም አልፈርድባቸውም። ሄዱ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ገሚሱን የሄዱት በእግራቸው ነው። በባህሉ አግቢው አብሮ አይሄድም፤ እኔ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። አብረዋቸው የነበሩት ጎረቤታችን ሲመለሱ ሁሉንም አጫወቱኝ። የልጅቷ አባት ሽማግሌውን "ልጁ ምንዎ ነው?" ብለው ጠይቀዋቸዋል።

"ልጄ ነው" ብለዋል፣ ምንም ሳያስቡ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሥተው መርቀዋል።

"ቤቱ በሙሉ አሜን አለ" አሉኝ ጎረቤታችን፣ ደስ ብሏቸው። "የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ።"