አስካለች አልምልም ያለች ቀን

የእህቴ ልጅ ቢኒያም ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሙዚቃ ይቀዳል። እሱ ስቱዲዮ ይላታል፤ እኔ ግን ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈውን የእንቁላል ካርቶን ሳይ የዶሮ ቤት ትመስለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና እዚያው ተጠለልኩ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ነገር ጭኖ ፊቱ በርቷል። አንድ ላይ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ያስገባበታል፤ ሶፍትዌሩ ድምፁን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ክራሩን ለብቻ አድርጎ ይመልስለታል። አላመንኩም። ዳቦ ከተጋገረ በኋላ ዱቄቱንና ውሃውን ማን ይለየዋል? ለየብቻ የተቀዳ፣ ደብቆ ያስቀመጠው ነገር ይኖራል ብዬ ጠረጠርኩት፤ ነገርኩትም። ሳቀብኝ።

ምን ላድርግ፣ አስተዳደጌ ነው። እናቴ ወተት ስትገዛ እንኳ መጀመሪያ ባለወተቷን አንዴ ፉት አስብላ ነበር የምትቀበለው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአባታችን ሆይ እኩል ነው ያስጠናችን።

ቢኒያም ቀጥሎ አንዲት ልጅ የዘፈነችውን አሰማኝ። ልጅቷ ከፍ ወዳለው ቦታ ስትደርስ ድምጿ ይንሸራተታል። አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገና ደግሞ አሰማኝ። ያችው ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን ቀጥ ብሏል፣ ጠርቷል፣ እንከን አይወጣለትም። ይሄም አዲስ የመጣ ነው ወይ አልኩት።

«ኧረ አክስቴ፣ ይሄማ የድሮ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊትም ነበር። አሁን የጨመሩት ራሱ እየሰማ እንዲያስተካክል ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማሽን ድምፅ እንደሚያቃና ዛሬ የማያውቅ የለም፤ እኔም የዘንድሮ ዘፋኞችን በሰማሁ ቁጥር አማርራለሁ። ግን የዘንድሮ ጉድ ይመስለኝ ነበር። በእኔ ልጅነት፣ ያውም ቦንጋ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ በየት በኩል ላስብ? ዝናቡ አባርቶም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። አስካለች ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

አስካለች የማንኪራ ልጅ ናት። ለትምህርት ቦንጋ መጥታ ከእኛ አጥር ጎን ክፍል ተከራየች፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስንለያይ ለመኝታ ብቻ ነበር። የእኛ ቤት የአማርኛ ቤት ነው። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ስለነበር፣ የአገሩን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ የተማርኩት ከመንገድና ከአስካለች ነው። ቡና ሲደርስ አብሬያት ማንኪራ ለለቀማ እሄዳለሁ። መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እየተንሸራተትን እንደርሳለን። ጫካው ውስጥ ለቃሚና ለቃሚ አይተያይም። አንዱ ከዛፉ ሥር ሆኖ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ከወዲያ ሆኖ ይቀበላል። እኔ ሳወጣ የምትቀበለኝ አስካለች ነበረች። ቃል ስሳሳት ሳቋ ከቅጠሉ ውስጥ ይመጣል፤ ስትቀበለኝ ግን ያንኑ ቃል አቃንታ ነው የምትመልስልኝ። ስንጨርስ እናቷ ትኩስ ቆጮ በጎመን ታቀርብልናለች፣ አይብ ጣል አድርጋበት። የዚያ ቆጮ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በከተማችን የወጣቶች የኪነት ቡድን ውስጥ አውጪ ሆንኩ። በዚያ ዓመት ከየወረዳው አንድ አንድ ዘፈን በሲዲ ተቀድቶ እንዲላክ ተጠየቀ፤ የተመረጠው ቡድን አዲስ አበባ ሄዶ መድረክ ይወጣል። የእኛ ዘፈን በካፊኖኖ ነበር። የጸሐፊ የልጅ ልጅ በካፊኖኖ ስታወጣ ያጉረመረመ አልጠፋም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ከሰማሁ ወዲያ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያቺ ሲዲ ለእኔ የውድድር ነገር ብቻ መሆኗ ቀረ። የዚህ አገር ልጅ መሆኔን በድምፄ የማሳይባት ነበረች።

ኮምፒውተር የነበረው ቲቸር ነው። ከሌላ ክልል የተመደበ ወጣት መምህር ነበር፤ ስሙ ቲቸር ሆኖ ቀረ። የሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌር ከጓደኛው ገልብጦ ይዞ መጥቷል። የተከራየው ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ምንም አይቀዳም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ደመና ደመናውን እያየን እንጠብቃለን። ሲያባራ ቶሎ ቶሎ እንጀምራለን፣ ግማሽ ላይ ስንደርስ ወይ ዶሮ ይጮሃል ወይ መብራት ይጠፋል። ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ቲቸር ግድ የለም፣ ይስተካከላል አለኝ። በምን እንደሚስተካከል አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ከወፍጮ ቤት ስመለስ አስካለች ከቲቸር ግቢ ብቻዋን ስትወጣ አየኋት። እሷ አላየችኝም። ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ስለ እናቷ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራችኝ፤ የጠበቅኩትን ግን አላነሳችም። ያን ጊዜ ጠረጠርኳት።

ከሳምንት በኋላ ልምምድ በምናደርግበት አዳራሽ ተሰብስበን ሲዲውን ሰማን። የሚያምር ዘፈን ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ያምር ነበር። ግን አውጪዋ እኔ አይደለሁም። የተሰነጠቀው ቦታ ድኗል፣ መንቀጥቀጤ የለም፣ ድምፁ እንደ አስካለች ድምፅ ለስላሳ ነው። ሁሉም አጨበጨበ። ከበሮ መቺያችን ደግሞ እያሾፈ፣ ስንዱ፣ ካፊኖኖሽ ዛሬ ገና ከማንኪራ መጣ አለኝ። ደሜ ፈላ። ቲቸርን ማን ነው የዘፈነው ብዬ ያዝኩት። ድምፁ ያንቺው ነው፣ ያቃናው ሶፍትዌሩ ነው አለ። ሰው ሲዋሽ እንኳ የሚመስል ነገር ይዋሻል ብዬ ነበር የሳቅኩበት። እንዴት ነው ሳጥን የሰው ጉሮሮ የሚያክመው? እየሸፈነላት ነው አልኩ።

አስካለችን በሰው ሁሉ ፊት በሩ ላይ አስቆምኳት።

«በሚካኤል ማይ። እኔን ተክተሽ እንዳልዘፈንሽ ማይ።»

እኛ ቤት ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው። ንጹህ የሆነ ይምላል፣ ይታመናል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። የማይምል ደግሞ ያው በደለኛ ነው። እናቴ ቅቤ ሻጭዋን እንኳ ታስምላት ነበር።

አስካለች ቀና ብላ አየችኝ።

«አልምልም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ታዲያ አንቺው ነሽ ማለት ነው አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔም ቡድኑን ጥዬ ወጣሁ። ዘፈኑ ተላከ፤ ሳይመረጥ ቀረ። እንዳልተመረጠ ስሰማ ደስ አለኝ፤ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ወሬው የደረሰኝ። አስካለች ያኔ ከአክስቷ ጋር በድብቅ ጸሎት ቤት መሄድ ጀምራ ኖሯል፤ ጴንጤ ሆናለች። እዚያ መማል ክልክል ነው ተብላ ተምራለች። አባቷ ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ጠጪ ነበሩ፤ ቢሰሙ ከትምህርት ያስቀሯት ነበር። ስለዚህ ለምን እንደማትምል በሰው ፊት መናገር አልቻለችም። እኔ ይህን ሰምቼ ምን አልኩ? ጥሩ ሰበብ አገኘች አልኩ። እሷም አግብታ ወደ ዋጫ ከተማ ሄደች፤ እኔም እዚሁ ቦንጋ አረጀሁ።

ሃያ ምናምን ዓመት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄው ነው፤ ሶፍትዌር በሠራው ልጅቷን መታኋት።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ዋጫ ወረድኩ። ቤቷ አልጠፋኝም፤ ከገበሬ ቡና ትሰበስባለች፣ ያገሩ ሰው ያውቃታል። የሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠች የተበላሸውን ፍሬ ስትለቅም አገኘኋት። ወፍራለች፣ ጸጉሯ ሸብቷል። ወዲያው አወቀችኝ፤ በቆሸሸ እጇ እንዳትነካኝ እየተጠነቀቀች በክንዷ አቀፈችኝ። ቢኒያም ያሳየኝንም፣ ያኔ ከቲቸር ግቢ ስትወጣ ማየቴንም ነገርኳት። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። እሷ ለቀማውን አላቋረጠችም።

«ያን ቀን ቲቸር ራሱ ነው ያስጠራኝ» አለች። «አንቺ የዘፈንሽውን ሁለት ዓይነት አድርጎ አሰማኝ፣ እንደነበረውና ያስተካከለውን። የቱ ይሻላል አለኝ። ያስተካከልከው ስንዱን አይመስልም፣ የእሷን እንዳለ ተወው አልኩት። እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አንቺ?»

«መጀመሪያ ድምፅሽ መሰንጠቁን አንስቼ እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነው። ኋላ ደግሞ መች ጠየቅሽኝ፣ ስንዱ? ማይ አልሽኝ እንጂ።»

አለቀስኩ። እሷም ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ወደ ቤት አስገብታኝ ምሳ አበላችኝ፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስላረፈችው እናቷ ተጨዋወትን።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሳለሁ ያ የተለመደው ጥርጣሬ መጣብኝ። እውነቷን ይሆን? ልታጽናናኝ የፈጠረችው ቢሆንስ? ቲቸር የት እንደገባ አይታወቅም፤ ሲዲው ጠፍቷል፤ የቢኒያም ኮምፒውተር ከዘፈን ውስጥ ክራርና ከበሮ ይለያል እንጂ የዚያን ቀን ምን እንደተባለ አይነግረኝም። እሷ ስትናገር እንኳ «ማይ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በምራቄ ነው የዋጥኩት። አፍሬ አልነበረም። ብትምልልኝ የማምነው መሐላውን ነው፣ እሷን አይደለም ብዬ ነው። እናቴ ብትኖር ሞኝ ትለኝ ነበር። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኔ ግን አስካለችን ሁለታችንም በሕይወት ሳለን አመንኳት።